የሊቁ አምፕሊፋየር

«እኔ ሬሳ ካየሁ አንድ እይታ ይበቃኛል» አለች መርማሪዋ፣ ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደውን ደረጃ እየወረደች። «ሌላው ወር የሚለፋበትን እኔ ጃኬቴን ሳላወልቅ ጨርሼ እወጣለሁ።»

አብሯት የሚወርደው ፖሊስ የእጅ ባትሪውን አበራ። በየሬሳው በር ላይ ይችኑ ስለሚሰማ ጆሮው ደንድኗል።

የልምምድ ክፍሏ ከማተሚያ ቤት ሥር ናት። ድምፅ እንዳይወጣ ተብሎ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል፤ ድምፁ ግን እንደልቡ ይወጣል። ወለሉ ላይ ገመድ በገመድ ላይ ተጠማዝዞ መራመጃ የለም። በዚያ መሃል ሟቹ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ጊታሩ ከአንገቱ አልወረደም። ግራ እጁ ክሮቹን እንደጨበጠ፣ ቀኝ እጁ አምፕሊፋየሩ ፊት የቆመውን የማይክራፎን ብረት እንደያዘ ቀርቷል። መዳፉ ተቃጥሏል።

የባንዱ ሰዎች ሊቁ ይሉት ነበር፤ ለማክበር ብለው እንዳይመስላችሁ። ስለ ጊታር ድምፅ አንዴ የጠየቀው ሰው ምሳው ያልፈው ነበር። የራሴን ድምፅ ገና አላገኘሁም እያለ ጊታር ይለውጣል፣ ክር ይለውጣል፣ በእግር የሚረገጡትን ፔዳሎች እንደ ሊስትሮ ዕቃ ፊቱ ደርድሮ አንዱን ያነሳል አንዱን ይጥላል። የመጨረሻው ግዢው ይኼ አምፕሊፋየር ነው፦ እንጨቱ የተፋፋቀ፣ ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ ቱቦዎች ያሉት፣ «ጥንታዊ» ተብሎ የተሸጠለት ሳጥን።

መርማሪዋ ስፒናውን አነሳች። ሦስት እግር ሊኖረው ሲገባ ሁለት ብቻ ቀርተውታል፤ የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሸኘው የኤርዙ እግር ተቆርጧል። ሳጥኑን ከኋላ ሲያስከፍቱት አንድ የተላጠ ሽቦ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል። በዚያ ላይ ጊታር ታቅፎ ማይክራፎን የነካ ሰው፣ ራሱ ሽቦ ሆነ ማለት ነው። ማን ነው የጠገነው ብላ ጠየቀች። የሟች ታናሽ ወንድም፣ ባንዱ ውስጥ ቤዝ የሚጫወተው፣ በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን እየጠረገ፣ ትናንት ነው ከጠጋኙ የወጣው አላት።

«በቃ፣ አለቀ» አለች። ጃኬቷንም አላወለቀችም።

ጠጋኙን ከሱቁ አንጠልጥለው አመጡት። ደረቱን የሚነፋ ሰው ነው፤ በእጄ ያለፈ ዕቃ ሰው አይገድልም፣ አዲስ ገመድ ከነሦስት እግሩ ነው የገጠምኩት፣ ማንም እንዳይነካካው ብሎኖቹ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጌበታለሁ እያለ ለፈለፈ። ይህን ለዳኛው ትነግረዋለህ አለችው። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ፋይሉ ከሰዓት በኋላ ወደ ዐቃቤ ሕግ እንዲሄድ ተወሰነ። ፋይሉ ከሄደ ሰውየው ወደ ማረሚያ ቤት ነው፤ ከዚያ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

ፋይሉን ልትፈርም ስትል የጠጋኙ እናት ከቢሮዋ በር ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሂጂ ቢሏት አልሄድም ብላለች።

«ልጄ» አለቻት፣ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ «እሱ ያን ክፍል በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ዕቃ ያመጡለታል፣ ሲሠራ ይወስዱለታል። ምናልባት ያልጠየቅሽው ነገር አለ።»

መርማሪዋ ያልጠየቀችው ነገር አለ መባሉ እንደ እሾህ ወጋት። የሴትዮዋን አፍ ልዘጋ ብላ ብቻ ተመልሳ ወረደች፤ ይኼ ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ነው።

ሬሳው ተነስቷል። ፖሊሱ ከሥሩ የነበረውን ምንጣፍ ሲጠቀልል አንዲት የነሐስ ቁራጭ ተንከባለለች። መርማሪዋ ከስፒናው ጋር ገጠመቻት፤ ልክክ አለች። ጠጋኙ ረግጦት በማያውቅ ክፍል ውስጥ የተቆረጠች እግር ናት። ፊቷ ጠቆረ። የኋላውን ብሎኖች አየች፤ ብሎኖቹን የፈታው ፖሊስ፣ ቀዩ ቀለም እሱ ካቻቢቴ ሳያስነካው በፊትም ተሰነጣጥቆ እንደነበር ነገራት። ለምን ያኔ አልተናገርክም ስትለው፣ አለቀ ስላሉ ነው አላት።

ከዚያ የአምፕሊፋየሩን ፊት አየች። ጠዋትም ነበር፤ ያየችው ግን አሁን ነው። የድምፁ ማዞሪያ ዜሮ ላይ ነው። ከሁለቱ ማብሪያዎች ትልቁ እንደበራ ሲሆን ቱቦዎቹን የምታሳርፈው ትንሿ ጠፍታለች።

ላይ ማተሚያ ቤት ወረቀት የምትቆርጠውን ሴት ጠየቀቻት። ጠዋት መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋብን፣ ተመለሰ፣ ከዚያ ጊታሩ ጀመረ፣ ከዚያ ጆሮ የሚበሳ ሲጥታ መጣ አለች ሴትዮዋ።

«ሲጥታው እንዴት ቆመ?»

«ቀስ እያለ። ሬዲዮ ሲቀንሱ እንዴት ነው? እንደዚያ።»

መርማሪዋ የቤዙን አምፕሊፋየር አበራችው። እሱም ያው አሮጌ ዓይነት፣ ባለ ሁለት ማብሪያ ነው። እንዲያጉረመርም ትታው የሊቁን ቅርብ ሰዎች፣ ድምፃዊቷን፣ ታናሽ ወንድሙንና ሳጥኑን የሸጠለትን ባለሱቅ፣ ተራ በተራ አስጠራች።

መጀመሪያ የባንዱ ድምፃዊት ገባች፤ ማስቲካ ታኝካለች። መርማሪዋ ጆሮዬን በላው፣ አጥፊልኝ ስትላት ገመዱን በእግሯ ስባ ከሶኬቱ ነቀለችው።

«እውነት ልንገርዎት?» አለች። «ዕቃ በለወጠ ቁጥር አገኘሁት ይለናል። እኔ ከፊቱ ቆሜ እየሰማሁት ያው እሱ ነው። ልብስ ቀይሮ የመጣ ያው ሰው። እሱን ለመግደል ግን ከወንበሬ አልነሳም።»

ታናሽ ወንድሙ ሲገባ አምፕሊፋየሩ እንደገና እያጉረመረመ ነበር። አጥፋው ሲባል ትልቁን ማብሪያ በአውራ ጣቱ ቀጭ አድርጎ ተቀመጠ። ወንድሜን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ስገባ ክፍሉ ጭጭ ብሎ ነበር፣ እንደደነገጥኩ ስፒናውን ነቀልኩ አለ። ሊቁ ዛሬ ሊቀርጽ የነበረውንም ነገራት፦ ያንኑ ዜማ በጥንታዊው አምፕሊፋየርና በታናሹ ርካሽ ሳጥን ተጫውቶ፣ ልዩነቱን ማን እንደሚለይ ለሚከታተሉት ጊታር ተጫዋቾች ሁሉ በኢንተርኔት ሊለቅ ነበር።

«ድምፄ ያለው ጣቴ ላይ ነው አለኝ» አለ። «ዕድሜ ልኬን ስነግረው የኖርኩትን፣ ለእኔው አዲስ ወሬ አድርጎ ነገረኝ።» ሳቀና ወዲያው አለቀሰ። «ልቆጣው ነበር። ዛሬ ከቀረጻው በኋላ ልቆጣው ነበር።»

አምፕሊፋየሩን ከጠጋኙ ማን አመጣው ብትለው፣ የሸጠለት ባለሱቁ ነው፣ በራሱ መኪና አለ።

ባለሱቁ ሽቶው ቀድሞት ገባ። አጉረምራሚውን ሳጥን ሲያይ እጁ በራሷ ሄደች፤ ማዞሪያውን በዝግታ እስከ ዜሮ አወረደ፣ ትንሿን ማብሪያ አጠፋ፣ ትንሽ ጠብቆ ትልቁን አጠፋ፣ ከላይ ያለውን አቧራ በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ስለ ሐዘኑ አወራ። ትናንት ማታ ዕቃውን በር ላይ አስረክቤ ሄድኩ፣ ዛሬ ከሱቄ አልወጣሁም አለ። ጊታር የሚወድ ልጅ እንዳላትም ጠየቃት፤ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገውን ድምፅ ይወቅ፣ ዕቃውን መምረጡን ለእኔ ይተወው እያለ ሬሳው በተነሳበት ቦታ ላይ ቆሞ ሊሸጥላት ሞከረ። መርማሪዋ እንደ በረሮ አየችውና ፖሊሱን ወደ ሱቁ ላከችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠጋኙ ካቴናው እጁ ላይ ነው። እናቱን የጠራት የለም፤ መጥታ ግን በር ላይ ቆማለች።

«ሊቁ ሲወድቅ እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ነበር» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሲጥታው ቀስ እያለ ነው የወረደው። የሞተ ሰው የራሱን ድምፅ አይቀንስም። ወንድሙ ሲደርስ ጭጭ ብሏል፤ እሱ የነቀለው ዝም ያለ ሳጥን ነው። ታዲያ ማን ዝም አሰኘው? የደነገጠ ሰው ስፒና ይነቅላል። ይኼ ግን ማዞሪያውን አወረደ፣ ቱቦዎቹ እንዲያርፉ ትንሿን አጠፋ፣ ትልቁ ላይ ሳይደርስ የእግር ኮቴ ሰምቶ ወደ ማተሚያ ቤቱ ጓሮ በሚያወጣው በር ወጣ። ዛሬ ሦስታችሁንም ያን ሳጥን እንድታጠፉልኝ አድርጌያለሁ። አንዷ በእግሯ ነቀለች። አንዱ በአውራ ጣቱ ቀጭ አደረገው። አንዱ ግን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው አስተኛው።»

ባለሱቁ ፈገግ አለ። «ይህን እኮ ዕቃ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ያውቃል። አያደርገውም። የሚያደርገው ዕቃውን ነገ መልሶ ሊሸጠው የሚያስብ ነው።» ወደ ጠጋኙ ዞረች። «ስትከፍተው ምን አየህ?»

ጠጋኙ እስካሁን የጠየቀው ስለሌለ በደስታ መለሰ። ውስጡ አዲስ ነው፣ እንጨቱም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በሻይ ተቀብቷል፤ ይህንንም ለሊቁ በስልክ ነግሬዋለሁ አለ።

«ሊቁም ለአንተ ነገረህ» አለችው ለባለሱቁ። «ዛሬ በቀረጻው ሊያጋልጥህ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከአንተ አንድ ክር የሚገዛ አይኖርም። ትናንት መኪናህ ውስጥ ከፍተህ ሽቦውን ከብረቱ አነካካህ። ጠዋት ይቅርታ ልጠይቅ፣ ላግዝህ ብለህ መጣህ። ሲሰካ ኤርዙ ሥራውን ሠራ፤ መብራት ጠፋ። ያኔ ምን አልከው? ጥፋቱ የዚህች እግር ነው፣ ብትቆረጥ ጉምጉምታው ይጠፋል፣ ድምፅህ ይጠራል። ድምፅህ ይጠራል ተብሎ እሺ የማይለው ነገር የለም። ቆርጠህ ስትሰጠው ሳያመሰግንህም አልቀረ። ማይክራፎኑን በጣት ስፋት እያስጠጋ እያራቀ እንደሚውል ደግሞ ታውቃለህ፤ መቆም ብቻ ነበር የሚጠበቅብህ።»

ፖሊሱ ከሱቁ መሳቢያ ያመጣውን ፒንሳ ዘረጋ። አንዱ ስለቱ ላይ ሸራፋ አለ፤ በነሐሷ ቁራጭ ላይ ያለው ጭረትም በዚያው ቦታ በዚያው ቅርፅ ነው።

ባለሱቁ ዓይኑን አምፕሊፋየሩ ላይ ተከለ።

«ሲጥታው ስፒከሩን ይቀደው ነበር» አለ።

ታናሽ ወንድሙ ወደ እሱ ሲንደረደር ድምፃዊቷ በኮቱ ያዘችው።

«ሰውየውን ገደልክ» አለች መርማሪዋ፣ «ለሳጥኑ አዘንክ። እሱም የውሸት ሳጥን።»

ካቴናው ከጠጋኙ እጅ ወልቆ ባለሱቁ ላይ ገባ። ወንድሙ የሊቁን ጊታር አንስቶ፣ ምንም ሳይሰካው፣ ክሮቹን አንዴ በቀስታ ዳበሳቸውና ይዞት ወጣ። መርማሪዋ ጃኬቷን አስተካክላ በሩ ላይ ወደቆመችው እናት ሄደች። ምስጋናው እስኪመጣ ጠበቀች፤ ሳይመጣ ሲቀር ራሷ አስታወሰች።

«አዩ እማማ? ልጅዎን ያለ እኔ ማን ያወጣው ነበር?»

አሮጊቷ የልጇን የቀላ እጅ እያሻሸች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«ያሰርሽውም አንቺ፣ የፈታሽውም አንቺ» አለቻት። «ለየትኛው ነው የማመሰግንሽ?»