የዘዋሪ ዳንቴል

ይርገዱ ተራዋ ደርሶ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ስትገባ፣ ቆፋሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ቆመው ጠበቋት። ከመስታወቱ ማዶ፣ ወገግታ በምትባለው የጨረቃ ከተማ ዳርቻ፣ በረዶ ፈልፍለው ለከተማው ውኃ የሚያወጡት ሮቦቶች አራሹ ጥሏቸው እንደሄደ በሬዎች ባሉበት ተገትረዋል። ስክሪኑ ላይ የሞገዱ ምልክት አንዲት መስመር ብቻ ቀርታዋለች። ባልደረባዋ ማስተዋል ተረኛ ሳለች ሙሉ ነበር።

ቆፋሪዎቹን ያለ ሽቦ የምታንቀሳቅሳቸው ኮምፒውተር ዘዋሪ ትባላለች፤ ከምድር ከመጣች ገና ቅርቧ ነው። ከእሷ በፊት የነበረውን አሮጌ ማሽን ስታስታምም የኖረችው ይርገዱ ነበረች። ዘዋሪ ስትመጣ ግን ኃላፊነቱ ለማስተዋል ተሰጠ፤ ብሎን አፈታት ሳይቀር ይርገዱ እጇን ይዛ ላስተማረቻት ልጅ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይኼ ነው። ይርገዱ አፏን ሞልታ እንኳን ደስ አለሽ አለች፤ አንጀቷ ግን አረረ። ማስተዋል ስትስቅ ቀናች፣ ስትመሰገን ቀናች፤ አዲሲቷ ማሽን ማስተዋል ያለበሰቻትን ዳንቴል ለብሳ እንደ ሙሽራ ተቀምጣ ስታያት እንኳ ቀናች።

ዳንቴሉ አላስገረማትም። የእኛ ሰው ጨረቃ ላይ ቢወጣም ዕቃውን ዳንቴል ሳያለብስ እንቅልፍ አይወስደውም።

ጥፋቱን ፈልጊ የተባለችው እሷው ናት። ግድግዳው ላይ ያሉትን ማስተላለፊያዎች ለወጠች፤ ሶፍትዌሩን አደሰች፤ ቆፋሪዎቹን ወደ ሌላ ሞገድ አዛወረች። ዘዋሪን ራስሽን መርምሪ ብትላት ጤነኛ ነኝ ብላ መለሰች። የቀረው ማሽኗን ገልጦ አንቴናዋን በእጅ መፈተሽ ነበር። ለዚያ ደግሞ የማስተዋልን ዳንቴል ማንሳት ሊኖርባት ነው፤ እሱን መንካት ለይርገዱ ሞቷ ነበር። እናም ተወችው።

በመጨረሻ የውኃው ክፍል ኃላፊ አቶ ስንሻው ሠራተኛውን ሰብስበው ዘዋሪን ራሷን ጠየቋት።

“ሞገዱ የሚዳከመው ይርገዱ ተረኛ ስትሆን ብቻ ነው” አለች ዘዋሪ። “ከእሷ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።”

ማንም አልሳቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዉ በመተላለፊያው ሲያያት ልጁን ከኋላው ይሸሽግ ጀመር። አቶ ስንሻው ደግሞ ለብቻዋ ጠርተው፣ ነገሩ ካልተፈታ በሚቀጥለው መንኮራኩር ወደ ምድር እንደምትመለስ በትሕትና ነገሯት። ምድር ላይ የሚጠብቃት ቤትም ዘመድም የለም። ከሁሉ የባሰው ግን እሷም ራሷን መጠርጠሯ ነበር። በእርግጥ ቀንታለች። ዓይኗ ሞገዱን እየበላው ቢሆንስ?

ቁርጡን ልወቅ ብላ አንድ ቀን ከተራዋ ቀድማ መጣች። በሩ መስታወት ነበርና ሳትገባ ቆማ ተመለከተች። ዘዋሪ ራቁቷን ተቀምጣለች፤ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ቆፋሪዎቹም ይሠራሉ። ማስተዋል ሰዓቷን አየችና ከመሳቢያው ዳንቴሉን አወጣች። ማሽኗ ላይ ስትዘረጋው መስመሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

ይርገዱ ገብታ ዳንቴሉን አነሳችው። ለጨርቅ ከበዳት። ከብር በተፈተለ ክር፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሠራ ነው።

“ይኼን ነገር ሁልጊዜ የምታለብሻት እኔ ስመጣ ነው?”

“እናቴ ናት የሰጠችኝ፣ እትዬ። ከዓይን ይከልላል ብላ።”

“ከማን ዓይን?”

ማስተዋል ወለሉን አየች። “ከእርስዎ” አለች። “ቀንተውብኝ የለም እንዴ?”

“ቀንቻለሁ። አሁንም እቀናብሻለሁ” አለች ይርገዱ። “ሞገዱን ያፈነው ግን ብሩ ነው። እኔ ቀድሜ ገልጬ ባያት ኖሮ እዚህ ባልደረስን፤ እሱንም ቅናቴ ከለከለኝ።”

ማስተዋል አለቀሰች። ሄዳም ሁሉን ለአቶ ስንሻው ተናገረች። እሳቸው ይርገዱን ይቅርታ ጠየቁ፤ የመመለሱ ነገር ቀረ፤ ዘዋሪም የተናገረችውን አረመች። ሹመቱ ግን ያው የማስተዋል ነው።

ሁሉም ወጥተው ይርገዱ ከማሽኗ ጋር ብቻዋን ቀረች። ዘዋሪ ያለ ዳንቴል ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ይርገዱ ወንበር ሳበችና አፈጠጠችባት። የተነጠቀችውን ሥራ፣ የማስተዋልን ሳቅ፣ ያለ ልቧ ያለችውን እንኳን ደስ አለሽ ሁሉ ዓይኗ ውስጥ አጠራቅማ፣ ሳታርገበግበው ለረጅም ጊዜ አየቻት።

ከመስመሮቹ አንዲቱም አልጎደለች። ውጪ ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን ቀጥለዋል።

ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። ለካ ያ ሁሉ ሰው ሲፈራት፣ ሥራዋን ከተቀማች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር የምትችል መስሏት ነበር።