ሳይጠረግ የቀረው ኩኪ

ፓፓ ኦቱ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ በኢንተርኔት ቤታቸው ጓዳ፣ ጠረጴዛው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ስለነበሩ መጀመሪያ ልባቸው ደከመ ተባለ። ሐኪሙ ግን የገዛ ራሳቸው የልብ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ብዙ እጥፍ ሆድ ዕቃቸው ውስጥ አገኘ። የክኒኑ ብልቃጥ ባዶ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ወጥ ይዞላቸው የመጣው ኮቢና አርሂን የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ ሰኞ፣ ይኸው ሰው ሽማግሌውን በደንበኞች ፊት ሲጮህባቸው ተሰምቷል። የከተማው ፖሊስ ከዚህ በላይ አልፈለገም፤ አሰረው።

ኢንስፔክተር አራባ ክዋንሳ ከትልቁ ከተማ ከኬፕ ኮስት የተላከችው በሳምንቱ ሰኞ ነበር። «ሐሙስ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ወረቀቱን ብቻ አስተካክዪልኝ» አላት አለቃዋ። ጉልበቷን ያማታል። ሙቀቱ ያደክማታል። ከሁሉ በላይ ግን ያለቀ ነገር እንድታስተካክል መላኳ ሰልችቷታል።

ኮቢና የእስር ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ለምን ጮህክባቸው?»

«ስለ ልጄ ነዋ፣ ማዳም! ኤፉዋ ነርስ ትምህርት ቤት አመለከተች፤ እዚያው እሳቸው ቤት፣ ቁጥር አራት ማሽን ላይ። ለጓደኞቿ መልስ መጣ፤ ለእሷ ዝም። ማሽንዎ የልጄን ደብዳቤ በላው አልኳቸው። ኋላ ሳስበው አፈርኩ። ሚስቴ ወጥ ሠራች፣ ይቅርታ ልል ይዤ ሄድኩ። ይኸው ነው ጥፋቴ።»

«ማክሰኞስ? በልማዳችሁ ማክሰኞ ባሕር አትወጡም። ክኒን ስትፈልግ አልዋልክም?»

«ማክሰኞማ የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ፊት ቆሜ ስከሰስ! የሰው መረብ ቀደድክ ተብዬ፤ ከጠዋት እስከ ቀትር። አርባ ሰው ሲስቅብኝ ነበር፤ ይጠይቋቸው።»

«ኮምፒውተር ትችላለህ?»

«መልህቅ እችላለሁ» አለ ኮቢና።

ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠበቋት። አንደኛዋ ማንሳ ናት፤ ስድስት ዓመት እዚያ የሠራች፣ ረጋ ያለች የሠላሳ ዓመት ሴት። ሌላው የሟቹ የወንድም ልጅ ክዌሲ ነው፤ መምህር ነው፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ከጓሮ ባለው ክፍሉ ይውላል። ቤቱን የሚወርሰው እሱ ነው።

«አጎትህ ሲሞቱ ቤቱ ያንተ ሆነ» አለችው አራባ ቁጭ እያለች።

«ጣሪያው ሲያፈስም የእኔ ነው፣ ማዳም። ይፈልጉታል?»

ማንሳ ሳቋን ዋጠች። አራባም ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

ጓዳ ጠረጴዛው ላይ ሽማግሌው ከመሞታቸው አራት ቀን በፊት የገዙት አዲስ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ፖሊሶቹ «ባዶ ነው» ብለው ትተውት ነበር። አራባ ግን ከፈተችው። የተከፈቱትን ድረ ገጾች የሚመዘግበው የጉብኝት ታሪክ የሚጀምረው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ተጠርጓል።

«እዚህ ቤት ማሽን የሚጠርገው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ማንሳ። «ማታ ስንዘጋ አሥራ ሁለቱንም። ጊዜያዊ ፋይሉ ሲከማች እየተንቀራፈፉ ያስቸግራሉ። ኩኪውን ግን አልነካም።»

«ለምን?»

«ድረ ገጹ ሰውየውን የሚያውቀው በእሱ ነዋ። ኩኪው ከጠፋ የይለፍ ቃል አምጣ ይላል። ደንበኛችን እማማ ኤሲ የይለፍ ቃሏን ታስታውሳለች ብለው ነው? አንድ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ሁሉንም አጠፋና አሮጊቶቹ በጃንጥላ ሊቀጠቅጡት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓፓ በየማታው 'ቆሻሻውን ጥረጊ፣ የሰው ቁልፍ አትጣዪ' ይሉኝ ነበር።»

አራባ የራሷን አሮጌ ላፕቶፕ ለክዌሲ ሰጠችው። «የኔም ይንቀራፈፋል። እስቲ ጥረግልኝ።»

ክዌሲ የመጥረጊያው ገጽ ላይ የተደረደሩትን ሦስት ሳጥኖች፣ ታሪኩን፣ ኩኪውን፣ ጊዜያዊ ፋይሉን፣ ሁሉንም እንደተመረጡ ትቶ አንዴ ተጫነው። «ጨረስኩ።»

ኢሜይሏን ስትከፍት የይለፍ ቃል ተጠየቀች። አላስታወሰችውም። «እግዚአብሔር ይስጥህ» አለችው በረጅሙ ተንፍሳ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ላፕቶፕ ተመልሳ የኩኪዎቹን ዝርዝር ከፈተች። ታሪኩ ቢጠፋም ኩኪዎቹ ነበሩ። አንዱ ስለ መድኃኒቶች ከሚያስረዳ ድረ ገጽ የመጣ ነው፤ የተፈጠረው ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ። አራባ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

ማክሰኞን ኬፕ ኮስት ዋለች፤ መጀመሪያ የልብ ክሊኒኩ፣ ከዚያ ላፕቶፑ የተሸጠበት ሱቅ። ረቡዕ ሁሉንም ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ማንሳን፣ ክዌሲን፣ በሁለት ፖሊስ መሃል ኮቢናን፣ ልጁን ኤፉዋንም።

«ቆሜ አልናገርም፤ ጉልበቴን ያመኛል» አለች። «ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ አንድ ሰው በዚህ ላፕቶፕ ስለ ልብ መድኃኒት አነበበ። ፓፓ ኦቱ አይደሉም፤ ከማለዳ እስከ ስድስት ሰዓት ክሊኒክ ተሰልፈው ነበር፤ ካርዳቸው ላይ አለ። ኮቢናም አይደለም፤ አርባ ሰው ስቆበታል። ሁሉንም ባልጠይቅም አሥራ አንዱን ጠይቄያለሁ፤ አሁንም ይስቃሉ።»

ኮቢና አንገቱን ደፋ።

«እዚህ የነበሩትና ጓዳ የሚገቡት ክዌሲና ማንሳ ብቻ ናቸው። ያነበበው ሰው ሽማግሌው ሳይመለሱ ዱካውን ጠረገ። ኩኪውን ግን ተወው።»

«ረስቶት ይሆናላ» አለ ክዌሲ።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።» ከቦርሳዋ አንድ ላፕቶፕ አወጣች። «ይኼ ከሱቁ የተዋስኩት ነው፤ ያው ዓይነት፣ ማንም ያልነካው። ማንሳ፣ እስቲ ጥረጊልኝ።»

ማንሳ ተጠጋች። ጣቶቿ ፈጣን ነበሩ። ሦስቱም ሳጥኖች ተመርጠው መጡ፤ እሷ የመሃለኛውን ምልክት አንስታ ተጫነች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አዲስ ማሽን ምልክቱ ካልተነሣ ኩኪውንም አብሮ ያጠፋል» አለች አራባ ቀስ ብላ። «ኩኪው እንዲተርፍ ሰው አስቦ፣ ወይም ሳያስብ በልማድ፣ ምልክቱን ማንሳት አለበት። ክዌሲ ቢሆን ሁሉንም ይጠርገው ነበር፤ የኔን ኢሜይል ይጠይቁት። ይኼ ስድስት ዓመት በየማታው አሥራ ሁለት ማሽን የጠረገ እጅ ነው።»

«ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?» አለች ማንሳ። ድምፅዋ አልተነሣም።

«ኤፉዋ፣ ቁጥር አራት ላይ ኢሜይልሽን ክፈቺ።»

ልጅቷ ከፈተች። ኩኪው ስለነበር የይለፍ ቃል አልተጠየቀችም። አራባ ወደ ተጣሉት መልእክቶች አመለከተቻት። ደብዳቤው እዚያ ነበር፤ ተቀባይነት አግኝታለች። መልስ የምትሰጥበት የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነው።

«ደብዳቤው የመጣው ከዘጋችሁ በኋላ ነው፤ ሌሊቱ ሳያልፍ ደግሞ ተጥሏል» አለች አራባ። «በዚያ ሰዓት ማሽኖቹ ፊት ለመጥረግ የሚቀመጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ፓፓ ኦቱ ኮቢና የጮኸባቸው ዕለት ማታ ፈልገው ሳያገኙት አልቀሩም። ምን አሉሽ?»

ማንሳ ላፕቶፑን ዘጋችው።

«እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጡኝ» አለች። «'ራስሽ ሄደሽ ለአባቷ ንገሪው፤ እኔ አልነግርብሽም' አሉኝ። እንዴት ብዬ ነው የምነግረው? እዚያው ትምህርት ቤት አራት ጊዜ አመልክቻለሁ። አራቴ መለሱኝ። የሷን ቅጽ የሞላሁላት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያመለከተችው። አንድ ጊዜ! ያን ምሽት ስጠርግ ደብዳቤው ዓይኔ እያየ መጣ፤ ጣልኩት...» እጆቿን አየቻቸው። «ክኒኑን ረቡዕ ጠዋት ገንፏቸው ውስጥ ጨመርኩት። ሳህኑንም አጠብኩ።»

ኤፉዋ አልጮኸችም። «እህቴ ማንሳ» ብቻ አለች። ኮቢና እጁን ልጁ ትከሻ ላይ ጣለ፤ ካቴናው አብሮት ተንሿሿ።

«ይኼን ፍቱለት» አለች አራባ።

ፖሊሶቹ ማንሳን ይዘው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አለች።

«ማዳም፣ ማሽኖቹን የምትወስዷቸው ከሆነ... ቁጥር ሰባት የእማማ ኤሲ ነው። ልጇ የሚጽፍላት በእሱ ነው። ኩኪውን አደራ።»

አራባ ራሷን ነቀነቀች። ጸሐይዋ ስታዘቀዝቅ ኤፉዋ መልሷን ልካ፣ ከአባቷ ጋር ሄደች። ክዌሲም መዝጊያውን ሊያወርድ ወጣ። አሥራ ሁለቱ ማሽኖች እየተንቀራፈፉ ነበር። አራባ ወንበር ስባ ከቁጥር አንድ መጥረግ ጀመረች፤ በየማሽኑ የመሃለኛው ሳጥን አለመመረጡን እያየች።