ውሃ ያልገባት ላንድ ክሩዘር

የአቶ ደስታው ሬሳ የተገኘው በነሐሴ መገባደጃ፣ አንድ ጠዋት፣ የርብ ወንዝ ሙላት ባስተኛው የሩዝ ማሳ ውስጥ ነው። አሮጌዋ ቶዮታ ላንድ ክሩዘራቸው ከማሳው ትንሽ ወዲህ፣ ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወስደው የአፈር መንገድ መሐል፣ ጎማዋ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ የሾፌሩ በር እንደተከፈተ ቆማለች። ያየ ሁሉ «ሊሻገሩ ሲሉ ሞተር ጠፋባቸው፣ ሲወርዱ ውሃ ወሰዳቸው» አለ። ፎገራ ላይ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ሰው ይወስዳል፤ ሰዉም አልቅሶ፣ ቀብሮ፣ ወደ አረሙ ይመለሳል። ምን ይደረግ።

ሐኪሙ ግን ሌላ ነገር አለ። የሟቹ የራስ ቅል ከኋላ በኩል ተሰብሯል፣ ሳንባቸው ውስጥ ውሃ የለም፤ ውሃው ያገኘው የሞተ ሰው ነው። በዚያው ዕለት የወረታ ፖሊስ የሟቹን ልጅ ደሳለውን ያዘ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ጸሐይነሽ ከደብረ ታቦር የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰዎች ፊታቸው ላይ የሚታየው ዓይነት ድካም ነበራት፤ ጉልበቷም ያማታል። ቢሆንም ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ገባች። ሙላቱ ጎድሎ ነበር፤ መኪናው ግን መርማሪ ሳይመጣ እንዳይነካ ተብሎ እዚያው ተትቷል።

«ልጁ ነው የገደላቸው፣ ኢንስፔክተር» አላት ኮንስታብል ሰውመሆን ከዳር ሆኖ። «ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። በድንጋይ መትቶ ውሃ ውስጥ ጣላቸው።»

«የትኛው ድንጋይ?»

«እንዴ፣ ድንጋይ ነዋ።»

«ሰውመሆን፣ እስኪ ዞር ዞር በልና አንድ ድንጋይ አምጣልኝ።»

ሰውየው ሜዳውን ቃኘው። ጥቁር ዋልካ፣ ሩዝ፣ ውሃ። የፎገራ ሰው ለጉልቻ የሚሆን ድንጋይ እንኳ ከላይ አገር አስጭኖ ነው የሚያመጣው። አፈረና ባርኔጣውን አስተካከለ።

ጸሐይነሽ መኪናውን ዞረችው። ቁልፉ እንደተሰካ ነው፤ ግን ወደ ማጥፊያው ተመልሷል። በሩ ላይ ሙላቱ ትቶት የሄደው የጭቃ መስመር ከወለሉ በታች ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደች፣ እያቃሰተች ጎንበስ አለች፣ እጇን ውሃው ውስጥ ሰዳ የሆነ ነገር ዳበሰች። ስትነሳ እጇን ጠርጋ የመኪናውን የዕቃ ሣጥን ከፈተች።

«የዕቃ ሣጥኑ ውስጥ የጎማ መፍቻው የለም» አለች ቆይታ። «በብረት ነው የተመቱት። መኪናውን በትራክተር አስጎትተህ የሟቹ ግቢ አስገባልኝ። ማንም እንዳይነካው፣ ኮፈኑንም እንዳይከፍት።»

ለቅሶው ቤት በር ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ አማከለች ጠበቀቻት። ያለቀሰችበት ዓይኗ አብጧል።

«ባሌን ቀበርኩ» አለች። «ልጄን ደግሞ ነገ ወደ ደብረ ታቦር ይወስዱታል ይላሉ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። እርስዎም የመጡት ሊወስዱት ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝና ቁርጤን ልወቀው።»

«ቁርጡን እኔም ገና አላወቅሁት፣ እትዬ። እስከ ነገ አለን።»

እንግዲህ ጸሐይነሽ አንድ የቆየ ልማድ ነበራት። ተጠርጣሪን «የት ነበርክ?» ብላ አትጀምርም። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይዋሻል፤ ስለሚወደው ወይም ስለሚጠላው ነገር ሲጠየቅ ግን አፉ ይፈታል። ስለዚህ ሁሉንም ስለ መኪናው ጠየቀቻቸው።

ደሳለው ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ቶዮታ፣ ቶዮታ! ስሙን ነው የምንበላው?» አላት። «ቁራጭ ብረት ነው። ናፍጣ ፍለጋ ማደያ ላይ ስንሰለፍ እንውላለን። ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ እንሽጠውና ኤሌክትሪክ ሚኒባስ እንግዛ አልኩት። አባዬ 'አንተን ክርስትና ያስነሳንህ በዚህ መኪና ሄደን ነው' አለኝ። 'ታዲያ የክርስትና አባቴ ነው?' አልኩት። ሰው ፊት። የመጨረሻ ንግግራችን ይኼ ሆነ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«መንዳት ትችላለህ?»

«አስፋልት ላይ። ሜዳውን አልደፍረውም፤ እሱን የሚችለው አጎቴ ንብረት ነው።»

መካኒኩ በላቸው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበላት። አቶ ደስታው ሳይከፍሉ ዘይት አስቀይረው እንደሄዱና በላቸው ሲዝትባቸው እንደተሰማ ሰውመሆን ነግሯት ነበር።

«እውነት ልንገርዎ? ይኼንን መኪና እጠላዋለሁ» አለ። «አይበላሽም። ሁሉም መኪና እንደሱ ቢሆን እኔ ዛሬ ሩዝ እየወቃሁ ነበር። እሳቸው ደግሞ ዘይት ሊያስቀይሩ በመጡ ቁጥር ታሪኩን ይተርኩልኛል። ጃፓን አገር የሽመና መሣሪያ የሚሠራ ሰው ነበር አሉ፤ ክር ሲበጠስ በራሱ ቀጥ የሚል መሸመኛ የፈለሰፈ። ልጁ ነው ወደ መኪና የዞረው። 'አየህ በላቸው፣ እኛ ሸማኔን ስንንቅ እነሱ ከሽመና ተነስተው ቶዮታ ደረሱ' ይሉኛል። ሰለቸኝ እኮ። አሁን ደግሞ ሳልሰማው ስውል ቅር አለኝ።»

«ውሃ ውስጥ ቀን ከሌት መቆሙ ጎድቶት ይሆን?»

«ሞተሩ ውስጥ ከገባ አለቀለት። እንግዲህ ለኔ ሥራ መጣልኝ ማለት ነው» አለና በገዛ ቀልዱ አፈረ።

የሟቹን የነፍስ አባት መምሬ ሉቃስን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቀምጠው አገኘቻቸው። መስቀል ተሳለመች።

«አባቴ፣ ስለ መኪናው ምን ይላሉ?»

«ጻድቅ ነው» አሉ ሽማግሌው ሳይስቁ። «ሙሽራ አምጥቷል፣ ምጥ የያዛት አድርሷል፣ ሬሳ ተሸክሟል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥሎን አያውቅም። ሰው እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?»

«አቶ ደስታው ከልጃቸው ጋር የተጣሉት በሱ ነው ይባላል።»

መምሬ ጥቂት አሰቡ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ልጄ። የነገረኝ በንስሐ አይደለም፣ ምክር ፈልጎ ነው፤ ስለዚህ እነግርሻለሁ። በሞተበት ቀን ከቀትር በኋላ መጣ። 'ልጄ ልክ ነው፣ እሽ ልለው ነው፤ መኪናውን እሸጣለሁ' አለኝ። 'መልካም' አልኩት። 'ለአንድ ሰው መንገር ግን ከብዶኛል' አለ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ኖሮ...» አሉና ተዉት።

የአማከለች ታናሽ ወንድም ንብረት የቤቱ ሾፌር ነው። ጺሙ ሳይላጭ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። ስለ መኪናው ስትጠይቀው ፊቱ በራ።

«እሷን መኪና ብቻ አይበሏት። ሌላው ሁሉ ክረምት ሲገባ ቤቱ ይታሰራል፣ ሜዳውን የምትሻገር እሷ ናት። ጉርምስናዬን የጨረስኩት መሪዋ ላይ ነው። ቤት አልሠራሁ፣ ሚስት አላገባሁ። ጋሼ ደስታው 'እኔ ስሞት ያንተ ናት' ይለኝ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«ያን ዕለት አንተ አልነዳሃትም?»

«አንበሳሜ ከተማ ነበርኩ። ገበያ ውዬ ዘመድ ቤት አደርኩ። ጠዋት በስልክ ተረዳሁ።»

«ከዚያ ወዲህ ሄደህ አየሃት?»

«ከሩቅ። ውሃ ውስጥ ቆማ ሳያት እግሬ እንቢ አለኝ። አልቀረብኳትም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጸሐይነሽ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ደሳለው በካቴና ሆኖ ከሰውመሆን አጠገብ፣ እናቱ ፊት ለፊቱ፣ መምሬ ሉቃስ በወንበር፣ በላቸውና ንብረት ቆመው። መርማሪዋ የድንኳኑን አግዳሚ ስባ ተቀመጠች፤ ሌሊቱን አልተኛችም።

«ብዙ አላደክማችሁም» አለች። «መጀመሪያ፣ አቶ ደስታው በብረት ተመትተው ሞቱ፤ ከዚያ ውሃ ወሰዳቸው እንዲባል መኪናው ሙላቱ ውስጥ ተነዳ። ሞተር ቢጠፋባቸው ኖሮ ያንን ቁልፍ ደጋግመው ይሞክሩት ነበር፤ የማጥፊያው ቦታ ላይ አይተዉትም። ሞተሩ አልጠፋም፤ አንድ ሰው አጠፋው።

«ሁለተኛ፣ መኪናው የቆመበት ቦታ። ከዚያ ትንሽ ራመድ ቢል መንገዱ ይሰምጣል። ነጂው ጥልቁ ጋ ሳይደርስ አቆመ። ሙላቱ ከፍ ባለበት ሰዓት እንኳ ውሃው ወለሉን አልነካም። ይህንን መንገድ ውሃ ሸፍኖት ሳለ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው ነው ያቆመው።

«ሦስተኛ፣ ደሳለው አባቱን ገደለ የተባለው መኪናውን አልሸጥም ስላሉት ነው። አባቱ ግን ሊሸጡ ቆርጠው ነበር። መምሬ ይመሰክራሉ።»

ደሳለው ቀና አለ። «እሽ ብሎኝ ነበር?»

«እሽ ሊልህ ነበር ልጄ» አሉ መምሬ። ልጁ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

«ገዳዩ ጥልቁ ውስጥ ቢለቀው ታሪኩ የበለጠ ይታመንለት ነበር» ብላ ቀጠለች ጸሐይነሽ። «ግን ለመኪናው ራራ። ይህ ልጅ 'ቁራጭ ብረት' ለሚለው ነገር አይራራም። በላቸውም ቢበላሽለት ደስ ይለው ነበር...» ንግግሯን አቋረጠችና ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «ለማንኛውም መኪናው ኤግዚቢት ነው፤ ጣቢያ መድረስ አለበት። በላቸው፣ ግባና አስነሳው። እንቢ ካለ ደጋግመህ ሞክር፤ ይቃጠል ብለህ አትፍራ፣ ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅምም።»

በላቸው ወጥቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። ቁልፉን ያዘ።

«ቆይ በላቸው» አለ ንብረት፣ ዝግ ብሎ። «አታሠቃያት። መጀመሪያ ገለባው ከጭስ ማውጫዋ ይውጣ።»

በላቸው እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«የምን ገለባ?» አለች ጸሐይነሽ።

ንብረት ከመኪናው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እዚህ አገር የውሃ መሳቢያ ሞተር ያለው ሁሉ ጎርፍ ሲመጣበት ጭስ ማውጫውን በሩዝ ገለባ ይወትፋል፣ ውሃ እንዳይገባበት» አለች። «ሲሠራ ግን አይወትፍም፤ ጭሱ በየት ይወጣል? ስለዚህ ሊሻገሩ የነበሩት ሰውዬ አልወተፉትም። የወተፈው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ውሃው ውስጥ አጎንብሶ ነው። ሬሳው በውሃው እየተወሰደ። እዚያ ውስጥ ገለባ እንዳለ እኔ በእጄ ዳስሼ አወቅሁ፤ ለሰውመሆን እንኳ አልነገርኩትም። አንተ መኪናውን አልቀረብኩም ብለሃል። አንበሳሜ ያሉት ዘመዶችህም ትናንት በስልክ ነገሩኝ፤ የደረስከው እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሱሪህ እስከ ጭንህ ርሶ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ መኪናም ያወጣዋል።»

ንብረት መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ሊክድ እንኳ አልሞከረም፤ ሸክም ያወረደ ይመስል ነበር።

«ገበያ አልሄድኩም» አለ። «ከመንደር ውጭ መንገድ ዳር የጎማዋን ብሎን እያጠበቅሁ ነበር፣ ሊመሽ ሲል። እሱ አጠገቤ ቆሞ 'ንብረት፣ ለባሕር ዳር ሰው ልሸጣት ነው፣ ነገ ይወስዳታል' አለኝ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር። አላሰብኩም፤ ስነቃ ወድቋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አስቤበታለሁ። ጥልቁ ውስጥ ልለቃት አልኩ፤ አልቻልኩም።»

«ሰውየውን ግን ቻልክ» አለች ጸሐይነሽ። ተናዳ ነበር፤ ለመጮህ ግን አቅም አልነበራትም።

ሰውመሆን የደሳለውን ካቴና ሊፈታ ቁልፉን መፈለግ ጀመረ። ሁሉም አማከለች ወደ ልጇ ትሮጣለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ወንድሟ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ልጄ ታስሮ ሳለ ስንቁን ያመላለስከው አንተ ነህ» አለችው። «እኔ ከለቅሶ መነሳት ስላልቻልኩ።»

«አዎ።»

«እየበላ አጠገቡ ተቀምጠህ ነበር?»

«አጉርሼዋለሁ» አለ ንብረት ሳያያት። «እምቢ ሲል 'አይዞህ፣ ለእናትህ ስትል ብላ' ብዬ አጉርሼዋለሁ።»

አማከለች ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«ይቅርታን ከእግዜር ለምን፤ ከኔ ዘንድ የለም» አለችው። «ስንቅህን ግን ከነገ ጀምሮ እኔ አመጣለሁ። የእናቴን ልጅ አላስርብም። አምጥቼ በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ ፊትህን አላይም።»

ከዚያ ወደ ደሳለው ሄደች። ካቴናው ገና አንድ እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ክንዱን ይዛ ወደ ቤት አስገባችው።