የፈንታሌ መርዶ

ከወለንጪቲ ማዶ ነፋሱ መንገዱን ጠራርጎ አነሳው። አቧራው ሰማዩን ሲደፍነው ባዶ ከረጢት የጫነው ኤንትሬ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ቀነሰ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ ጮኸ፤ ኬላው ላይ አብዮት ጥበቃ ቆሟል፣ የይለፍ ወረቀት የሌለው ይውረድልኝ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ አለ። ከከረጢቱ ክምር መሐል አንዲት ሴት ተነሳች። ጥቅልዋን በጀርባዋ አዝላ፣ የምሳ ዕቃዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ዘለለችና ግራሩ ውስጥ ገባች። ኤንትሬው እንደ ገላገሉት ሁሉ እያጓራ ሄደ።

ወርቄ ትባላለች። ያኔ ናዝሬት ውስጥ «የወፍጮ ቤቷ ወርቄ» ሲባል የማያውቃት አልነበረም። አሁን ወፍጮው የቀበሌ ሆኗል፣ ቤቷም ታሽጓል። ባሏ ጃራ ደግሞ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ በኋላ በሰው ሳሎን ተሰብስበው ሲዘምሩ ከተያዙት አንዱ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ስንቅ አመላለሰችለት። አንድ ቀን የእስር ቤቱ ዘበኛ የምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር።

ግን ማወቅና መርዶ መስማት አንድ አይደሉም። መርዶ ማለት ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩተው ገብተው፣ አስቀምጠው፣ ክንድህን ይዘው የሚነግሩህ ነው። ለወርቄ ማንም አልመጣላትም። ለአብዮቱ ጠላት ማልቀስ ክልክል ስለነበር ዕድሩ ፈራ፤ አብረዋት ይጸልዩ የነበሩትም የታሰሩት ታስረው የቀሩት ተበትነዋል። ስለዚህ አላለቀሰችም። ያላለቀሰ ሰው ደግሞ ተስፋ አይቆርጥም፤ ጣጣው እዚያ ላይ ነው።

ተስፋዋን የቀሰቀሰችው ተሻለች ናት። ተሻለች መተሐራ አገዳ እርሻ ላይ አረም የምትነቅል የቀን ሠራተኛ ስትሆን የዋለው ገበያ ናዝሬት አምጥቷት ነበር። ለወርቄ እንደነገረቻት፣ ማገዶ ስትለቅም ፈንታሌ ተራራ አፋፍ ላይ ደርሳ ቁልቁል ብታይ፣ ተራራው አናት ላይ ባለው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ጥላ የሌላቸው ሰዎች ሲዞሩ አየች። ሌሊት መጥተው የወሰዱት ወንድሟ ነጋሳ እዚያ ነበር። አጠገቡ አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ያለበት፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሄዳል። ወርቄ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። የጃራን ቅንድብ ስንት ጊዜ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋለታለች።

በሰቃ ሐይቅ ዳር ስትደርስ ምላሷ ደርቆ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። ኑሬ የሚባል ግመል ጠባቂ የከረዩ ሽማግሌ አገኛትና ምንም ሳይጠይቅ ወተት አጠጣት። ከጠጣች በኋላ እንደ አገሩ ወግ ወሬዋን ጠየቃት፤ ሁሉንም ነገረችው። ፈንታሌ ውስጥ ስላሉት ሰዎች እሱም ያውቅ ኖሯል። ማንም ስላላለቀሰላቸው መሞታቸውን አያውቁም አላት፤ ከቤት እንደ ወጡ ገና ይዞራሉ።

«የሚጠብቁት መርዶ ነው። ልትነግሪው ነው የምትሄጂው?» አላት።

«እኔስ ይዤው ልመለስ ነው፣ ኦቦ ኑሬ።»

ሽማግሌው ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «እሺ። እስከ አፋፉ አደርስሻለሁ። ውስጥ ግን አልገባም፤ የእኔ ሙታን በደንብ ተለቅሶላቸዋል፣ እዚያ ዘመድ የለኝም።»

ሐይቁ በየጊዜው እየሰፋ የድሮውን መንገድ ውጦት ስለነበር አንዱን ክንፉን በእግር መሻገር ነበረባቸው። ኑሬ አንዲት ግመል እየሳበ ቀደመ፤ ወርቄ የግመሏን ጭራ ይዛ ተከተለች። ውሃው ለብ ያለ፣ ወገብ የሚደርስ፣ ታቹ የማይታይ ነው። መሐሉ ላይ ግንድ የመሰላት ነገር ዞረ። ግመሏ ጮኸች፣ ውሃው ተገለበጠ፣ ከጀርባዋ አንዳች ነገር ጎትቶ ወደ ታች ሰመጠ። ኑሬ የያዘውን ጦር ወርውሮ በክንዷ ጎትቶ ዳር ላይ ጣላት። አዞው እሷን አላገኛትም፤ ያገኘው ጥቅልዋን ነው።

በጥቅሉ ውስጥ የጃራ ካፖርት፣ የመዝሙር መጽሐፉና የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ነበሩ። ወርቄ ውሃው ላይ አፍጥጣ ቆየችና ሳቀች። ሳቁ እሷንም አስፈራት። ለመወሰድ የቀራት ነገር እኮ ባዶው የምሳ ዕቃ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማን ይፈልገዋል።

ከሐይቁ ወዲያ ጥቁሩ ድንጋይ ነው፤ ተራራው በጥንት ጊዜ ተፍቶት የደረቀው። ጫማዋን በላው፣ ከዚያ ተረከዟን ያዘ። በየስንጥቁ ትኩስ እንፋሎት ይወጣል፤ ጆሮ ለሰጠው ደግሞ የሰው ማጉረምረም ይመስላል። ኑሬ ጆሮ አትስጪው አላት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጅቦች ከጎንና ከጎን መጡ። ሳይቸኩሉ፣ ደም ያለበትን ዱካዋን እያሸተቱ ነበር የሚከተሏት። አንዱ ቀሚሷን ሊነክስ ሲጠጋ ወርቄ የምሳ ዕቃውን ከድንጋይ ጋር አላተመችው። ድምፁ ገደሉን ሞላው፤ ጅቦቹም ጭራቸውን ቆልፈው ሸሹ። እሷ ግን እስከ አፋፉ ድረስ ማንኳኳቷን አላቆመችም። ለጅቦቹ መሆኑ ቀርቶ፣ ጃራ ሰምቶ ስንቅ መጣልኝ እንዲል ነበር።

አፋፉ ላይ ግመሏን ተጠግተው አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ኑሬ እዚያው ቀረ፣ እሷ ወረደች።

የጉድጓዱ ወለል ሳር ነው፣ ረጅምና ቢጫ። ሰዎቹ በሳሩ ውስጥ ይዞራሉ። ሳሩ አይጎነበስላቸውም። አንዱ አልፏት ሲሄድ ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠየቃት፤ ሌላው ሰፈራቸው መብራት መጥቶ እንደሆነ። ተማሪ የምትመስል ልጅ እናቴ ተቆጥታ ይሆን ብላ ጠየቀቻትና መልሱን ሳትጠብቅ አለፈች። ከዚያ ከወርቄ ጀርባ የምታውቀው ድምፅ መጣ።

«ወርቄ፣ ወፍጮውን ለማን ትተሽው መጣሽ?»

ዞረች። ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ነው። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተበስቷል፤ እሱ ግን አላየውም።

«ምን ሆኜ ነው እዚህ ያለሁት?» አላት።

እዚህ ላይ ወርቄ ማንኛችንም የምንሠራውን ስህተት ሠራች። እኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም። የሞተው ሰው መጀመሪያ ይታመማል፤ «ትንሽ አሞት ሆስፒታል ገብቷል» ይባላል፣ ከዚያ ይጠናበታል፣ ከዚያ ነው የሚሞተው። እሷም አፏ የለመደውን አወጣ፤ ልቧም ያንኑ ይፈልግ ነበር።

«ትንሽ አሞህ ነው፣ ጃራ።»

የጃራ ፊት በራ። «ይኸው ብቻ ነው? እንግዲያስ እንሂዳ፤ ቤቴ ተኝቼ ይሻለኛል።»

በዙሪያው ያሉት ሁሉ ቆሙ። አሞን ነው፣ አሞን ነው የሚል ሹክሹክታ በሳሩ ላይ ሄደ። ወርቄ የባሏን እጅ ይዛ ሽቅብ ስትጀምር ሁሉም ተከተሉ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፣ ግን እጁ ነበር።

ጥቂት እንደወጣች እግሯ ከበዳት። ወደ ታች ብታይ የያዘችው እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሷል። ብታራግፈው አልለቅ አለ። ፀሐይዋ አፋፉን አልፋ ፊቷን መታቻት፣ ከኋላዋ ግን ጥላ አልወደቀም። የእናቷን ስም ልትጠራ ፈለገችና አጣችው። ወርቄ ያን ጊዜ ተረዳች፤ እሷ እሱን ወደ ላይ እያወጣችው አልነበረም።

ወደ አፋፉ በሚያወጣው ጠባብ መተላለፊያ ላይ፣ ስትወርድ ከድንጋይ ጀርባ ተደብቆ ያላየችው፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ተነሳ። ጉደታ ነው፣ የቀበሌያቸው አብዮት ጥበቃ። ድሮ እህል ሊያስፈጭ ሲመጣ «እትዬ» ይላት ነበር፤ ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ «አንቺ ሴትዮ» ሆናለች። ጺሙ አድጓል፣ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ የቆየ ይመስላል። ሰዎቹን በጨለማ መኪና ጭኖ የወሰዳቸው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያያቸዋል፤ እዚህ መሆናቸውን ሲሰማ ሥራውንም ቤቱንም ትቶ መጥቶ ይጠብቃቸዋል። መጠበቅ ስል፣ ማንም መጥቶ እንዳይነግራቸው ነው።

«ደግ አደረግሽ። ታማችኋል በያቸው» አላት። «ካልነገርሻቸው አያውቁም። ካላወቁ እኔን አይፈልጉኝም። አንቺም እዚሁ ከባልሽ ጋር ኑሪ፤ እዚህ ማንም አይወስድብሽም። መርዶ ከነገርሽ ግን እተኩሳለሁ።»

ወርቄ ጥይቱን አልፈራችም። የፈራችው ሐሳቡን ነው፤ ምክንያቱም ሐሳቡ ጣፈጣት። ወፍጮ የላት፣ ቤት የላት፣ ፎቶግራፍ እንኳ የላት። ያላት ይህ ቀዝቃዛ እጅ ነው፤ እሱም ዝም እስካለች ድረስ የእሷ ነው። እንዲያውም የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ እንደሚከርም ሰው።

ጃራ ትከሻዋን ነካት። «ወርቄ፣ ደከመኝ» አላት። «ከመቼ ጀምሮ እንደምዞር አላውቅም። ለምንድነው የማይሻለኝ?»

ለዚህ የሚሆን ውሸት አልነበራትም። ነጠላዋን አወረደችና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ዘቅዝቃ ለበሰችው፣ እንደ ለቀስተኛ። ጃራን አስቀመጠችው፤ አጠገቡ ተቀምጣ ክንዱን ያዘች። ጉደታ ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ጃራ፣ ስማኝ። አልታመምክም። ሞተሃል። ገድለውሃል።»

ጉደታ ተኮሰ። ጥይቱ ድንጋዩን ፈልጦ ጉንጯን ቧጨራት፤ እሷ ግን ከአፏ የወጣውን እየሰማች ነበር። ለእሱ ስትነግረው ለእሷም ተነገራት። ጩኸቱ ከሆዷ ወጣ፤ ስንቁ ከተመለሰባት ቀን ጀምሮ የተቀመጠው፣ ቀበሌው የከለከለው፣ እሷም በዝማሬ የሸፈነችው። ደረቷን እየደቃች ስሙን ጠራች። ጃራ ሸሚዙን ወደ ታች አየ። ቀዳዳውን በጣቱ ነካውና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ታዲያ ይህንኑ ብትነግሪኝስ» አላት። «ስንት ጊዜ ነው በከንቱ ስንከራተት።» ቅንድቡን በእጁ ጠረገ፤ ዱቄቱ በነፋሱ ተነሳ፤ ከዱቄቱም ጋር እሱ አልነበረም።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ። እኔስ፣ እኔስ እያሉ አንድ በአንድ ፊቷ ተቀመጡ። የእያንዳንዱን ስም ጠይቃ፣ ክንዱን ይዛ ነገረችው፤ ለእያንዳንዱም አለቀሰች። ድምጿ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ወዲያም አልተጠገነም። ተማሪዋ ልጅ እናቷ እንዳልተቆጣች ስትሰማ ፈገግ ብላ ሄደች። ነጋሳ የሚባለው ወጣት ለእህቴ ንገሪልኝ አላት።

ጉደታ የገደሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እስኪይዙት ጠበቀ። አንዳቸውም ዞረው አላዩትም። ሊሄዱ ነበር የፈለጉት፣ ሄዱ። ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን ጠመንጃው ከእጁ ወደቀ፤ እየዳኸም መጥቶ ፊቷ ተቀመጠ።

«እኔስ፣ እትዬ?»

ወርቄ ክንዱን አልያዘችም። «አንተ አልሞትክም፣ ጉደታ። አንተ ትኖራለህ» አለችውና የምሳ ዕቃዋን አንስታ ወጣች። ጥላዋ ከኋላዋ ድንጋዩ ላይ ተጎተተ።

ኑሬ ለቅሶውን ከአፋፉ ሆኖ ሰምቷል። ወተት ሰጥቷት ግመሏ ላይ አወጣት። እጇ ላይ ያለው ዱቄት በሐይቁ ውሃ ብትታጠብም አልለቀቀም። መተሐራ ሲደርሱ ወደ ናዝሬት የሚሄደውን መኪና አሳያት፤ እዚያ የሚጠብቀኝ የለም አለችው። የወፍጮ ቤቷ ወርቄ ተራራው ውስጥ ቀርታለች። በየከተማው ስንቅ ተመልሶላቸው ማንም ያላረዳቸው ሴቶች እንዳሉ ግን ታውቃለች፤ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ከእንግዲህ የሚወሰድባት ነገር የላትም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በአገዳ እርሻው ሠራተኞች ሰፈር አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኳች። ተሻለች ከፈተች። መጀመሪያ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፣ ቀጥላ ነጩን እጅ፤ በሩን እንደያዘች ቀረች።

«ነጋሳን አገኘሽው አይደል? አሞት ነው፣ አይደል? ትንሽ አሞት ነው በይኝ።»

ወርቄ ገባች፤ ክንዷንም ያዘች።

«ተቀመጪ፣ እህቴ» አለቻት።