«ግንኙነት የለም» ያለው ገጽ

አለቃው የተገኘው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው። አንድ እጁ ደረቱን ጨብጧል፤ ሌላው ወደ ማውሱ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ከፊቱ፣ ድርጅቱ ቤታቸው ለተኙ ሕሙማን የሠራው የድረሱልኝ ገጽ ተከፍቷል። ከቀዩ ቁልፍ በታች «ግንኙነት የለም» ይላል።

በማግስቱ የሐኪሙ ቃል መጣ። ሰውየው ራሱ የሚወስደው የልብ መድኃኒት ከልክ በላይ ሆኖ ሻዩ ውስጥ ተገኝቷል። ቶሎ ቢደረስለት ኖሮ ይተርፍ ነበር። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ፣ እንደታሸገ ወዳደረው ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች። ቀዩን ቁልፍ ሲጫን የነበረውን ሰው አሰበች።

በዚያን ቀን ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የገባው ሥራ አስኪያጁ፣ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው።

«ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር፤ ስክሪኑን አይተውታል» አለ። «ሻዩንም ያፈላው የኔትወርክ ባለሙያችን ነው። እኔ ደንበኛ ማነጋገር እንጂ ኮምፒውተር አልችልም።»

«የሟቹ ስልክ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል?»

«ገጻችን በስልክ እንዴት እንደሚታይ ላይ ብዬ ተዋስኩት። ምነው እጄን በቆረጠው!»

የኔትወርክ ባለሙያው ላብ አጥምቆት ገባ። «ለሁላችንም ሻይ አፍልቼ ወደ ማሽን ክፍሌ ወረድኩ፤ ለአለቃችን ማን እንዳስገባለት አላየሁም። ኔትወርኩ ግን ለአፍታም አልተቋረጠም፤ በልጆቼ ሞት! ግን ማን ያምነኛል?»

ገጾችን የምትፈትሸው ወጣት ዓይኗ አብጧል። «ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ከጋሼ ኮምፒውተር ላይ አዲሱን ገጽ ሲያሳዩት ነበር። እኔ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ብንጣራ ዝም አለ፤ ሦስታችንም ገባን። የኳሱ አስተላላፊ ‹ጎል!› ብሎ ይጮኻል። ጋሼ ሞቶ፣ ሰውየው ጎል ይላል!»

«ኳሱ የሚሰማው ከየት ነው?»

«ከዚሁ ኮምፒውተር፤ በኢንተርኔት በቀጥታ ሲተላለፍ። እኛ ትንፋሹን ስናዳምጥ ሥራ አስኪያጁ ዘለው አጠፉት።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ጋሼን የሚጠላው ሰው ነበር?»

«የሚጠላው እንኳ... ብቻ ገጹ ጉድ አለበት። በደካማ ኔትወርክ ስሞክረው መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ገጹ ግን ‹ተልኳል› ይላል። አንዲት እናት ‹ተልኳል›ን አምነው ሲጠብቁ ሞተዋል። ጋሼ ለደንበኞቹ ሁሉ ሊናገር ነበር። ‹ተፈትሿል› ብለው የፈረሙት ሥራ አስኪያጁ ናቸው።»

መርማሪዋ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ ሌላ ገጽ ከፈተች። በዓይን ጥቅሻ መጣላት። የድረሱልኙን ገጽ መልሳ ጫነች። «ግንኙነት የለም።»

«አንዱን ገጽ ለብቻው ከኔትወርክ ማውጣት ይቻላል?»

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «ብራውዘሩ ውስጥ የእኛ የፈታሾች ሰሌዳ አለ። ገጹን ‹ስልክ ላይ ነህ፣ ኔትወርክህ ደካማ ነው፣ ጭራሽ የለህም› ብለን የምናታልልበት ነው። ሌላውን ገጽ አይነካውም።» ጎንበስ ብላ ፈለገች። ሰሌዳው ተቀንሶ ስክሪኑ ግርጌ ተደብቋል። ስትከፍተው «ኦፍላይን»፣ ማለትም ከኔትወርክ ውጭ፣ የሚለው ተመርጧል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተሰበሰቡ፤ የሟቹ ሚስትም መጣች። ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች።

«ኔትወርክ ቢቋረጥ ኖሮ» አለች መርማሪዋ፣ «በቀጥታ የሚተላለፍ ኳስ አይሰማም ነበር። የተዘጋው ይህ ገጽ ብቻ ነው። የኔትወርክ ባለሙያው ቢሆን ገመዱን ይነቅል ነበር፤ ሰሌዳ ውስጥ መሹለክ ምን አስፈለገው?» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ገጹ በስልክ እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ ስልክ መዋስ ግድ ነው?»

«አይደለም። ሰሌዳው ላይ የስልኩን ዓይነት መምረጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለደንበኛ የሚያሳዩት እንደዚያ ነው። እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«ስለዚህ ስልኩ የተወሰደው ሟቹ እንዳይደውልበት ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጡት እርስዎ። የእህትዎ ቤት ሰው ሆነው መድኃኒቱን በቀላሉ የሚያገኙት እርስዎ። የእህትዎ ባል ተደፍቶ እያዩ፣ ትንፋሹን ትተው ኳሱን ሊያጠፉ የዘለሉት እርስዎ፤ ውሸትዎን እያጋለጠ ነበርና። ሰሌዳውንም ሊዘጉ ፈልገው ነበር፤ ሰው ከበብዎት።»

ሥራ አስኪያጁ ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እንቢ አለው። «እታለም፣ ስሚኝ፤ ባልሽ እስር ቤት ሊከተኝ እኮ ነበር...»

እህቱ ወንበሯን ከእሱ አራቀች።

«ባሌ ያንን ቁልፍ ስንት ጊዜ ተጭኖት ይሆን?» አለች።

መርማሪዋ የሥራ አስኪያጁን ክንድ ይዛ አስነሳችው። የኔትወርክ ባለሙያው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ።