ሦስተኛው ውድድር

«ላስቲክ፣ ውረጂና ነይ» አለች አሰልጣኟ። «ሁላችሁም ኑ፣ የምነግራችሁ አለ።»

ልጅቷ ቢሙ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ ነበር። ቢሙ ከመሬት ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ከአንድ መዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ረጅም ጣውላ ነው። እዚያ ላይ መዝለል፣ መገልበጥና ሳይወድቁ መልሶ መቆም ከጂምናስቲክ ሁሉ የምትወደውም የምትፈራውም ነገር ነው። «ላስቲክ» ያሏት የክለቡ ልጆች ናቸው፤ እንደ ልቧ ስለምትተጣጠፍ። ዘላ ወረደችና ከሌሎቹ ጋር ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

ዘንድሮ ሦስት ውድድር እንዳለ አሰልጣኟ ነገረቻቸው። የመጀመሪያው ጎረቤት ከተማ ነው፤ ሁለተኛው ራቅ ይላል። ሦስተኛው ግን ከአገሩ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ለብሔራዊው የወጣቶች ቡድን ልጆች የሚመለምሉት ሰዎችም እዚያ ይገኛሉ።

«ሁለቱን ያልተወዳደረ ሦስተኛው ላይ አይገባም» አለች። «ክለቡ የመንገድ ወጪ አይችልም፤ እንደምታውቁት ነው። እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። መምጣት የሚፈልግ ወላጅ በራሱ ወጪ ይምጣ። ቤታችሁ ተነጋገሩና ንገሩኝ።»

ልብስ ሲቀይሩ ቀጮ አጠገቧ መጣች። ቀጮ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ወላጆቿ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር አላቸው።

«እኛ በአውሮፕላን ሳንሄድ አንቀርም» አለች ቀጮ ጫማዋን እያሰረች። «እናንተስ?»

«እኔ እንጃ። አባዬ ነው የሚያውቀው።»

«አባትሽ መቼም አይቀሩም።»

እውነቷን ነው። አባቷ ያልተገኘበት ውድድር የለም። ሥራው ያረጀ ሶፋና ወንበር ማደስ ነው፤ ቤታቸው መግቢያ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስፖንጅ ሲቆርጥና ጨርቅ ሲወጥር ይውላል። ግቢያቸው ውስጥ የምትለማመድበትን ቢም የሠራላትም እሱ ነው፤ ከተጣለ የሶፋ እንጨት፣ በስፖንጅ ጠቅልሎ፣ ከላይ የተረፈ ከፋይ አልብሶ። ወንበር ሊያሳድስ ለመጣ ሰው ሁሉ ያንን ቢም ሳያሳይ አይሸኝም።

የዚያን ቀን ከራት በኋላ አባቷ ጠረጴዛውን ጠረገና የጨርቅ መጠቅለያ ካርቶን ገልብጦ ዘረጋ።

«ነይ ቁጭ በይ» አላት። «እስከ ዛሬ የውድድሩን ወጪ ከእናትሽ ጋር ነበር የማስበው። አሁን አሥራ አራት ዓመት ሞልቶሻል፤ ምን ያህል እንደሚያስወጣ እያወቅሽ ዝለይ።»

«እያወቀች ከዘለለችማ ፈርታ ትወድቅልሃለች» አለች እናቷ፣ ስድስተኛ ወሩን የያዘውን ወንድሟን እያስገሳች።

ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ መጻፍ ጀመሩ። ምዝገባ፣ አውቶቡስ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ያጠራት የውድድር ልብስ። ልጅቷ እስከዚያ ቀን ድረስ ውድድር ማለት ቢሙ ላይ የምትቆይባት ያቺ አፍታ ብቻ ትመስላት ነበር። ለካ ወደዚያች አፍታ ለመድረስ መጀመሪያ ይህን ሁሉ ማቋረጥ ያስፈልጋል። አባቷ ከእያንዳንዱ ሶፋ ላይ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ያጠራቀመውን ከጎኑ ጻፈና ሁለቱን አስተያየ። አልተገናኙም።

«እንግዲህ» አለ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ እየሻጠ፣ «ጨርቅ ሲያንስ ስቦ ማዳረስ የለም። ለጊዜው ያምራል፤ ሰው ሲቀመጥበት ግን ይተረተራል። ወይ ጨርቅ መጨመር ነው፣ ወይ አንዱን ወንበር መተው።»

«የሚተው የለም እኮ አባዬ። ሦስቱም ግድ ነው ብላለች።»

«እንደሱ ከሆነ እንጨምራለና። አንድ ባለሆቴል የሚታደሱ ወንበሮች አሉኝ ብሎኝ ነበር፤ ብዙ ናቸው። ማታ ማታ እሠራቸዋለሁ።»

«በዚያ በሚያምህ ወገብ?» አለች እናቷ። «ቀን የሠራኸው አይበቃህም? ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም።»

«ይቻላል ስልሽ።»

ልጅቷ ካርቶኑን ስታይ ቆየች። አውቶቡስ የሚለው ሁለት ጊዜ ነው የተጻፈው፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ። ምግቡም፣ ማደሪያውም እንደዚያው። ሦስተኛው ውድድር ላይ የእሱ ቢቀነስ ሁሉም ነገር ልክ ይመጣል። ይህን ለማየት የሒሳብ ጎበዝ መሆን አያስፈልግም፤ አባቷም ሳያየው አልቀረም። ግን እሱ አላነሳውም፤ እሷም አፏ አልታዘዘላትም። አምና ቢሙ ላይ ስትወጣ አባቷ ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፍኖ አጠገቡ የተቀመጡትን ሰውዬ «ቆመች? ቆመች?» እያለ ሲጠይቅ ነበር አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ብላ «ቅር» ትበለው?

በማግስቱ ለቀጮ ነገረቻት።

«አታካብጂው» አለች ቀጮ። «‹ሦስተኛው ላይ ወላጅ አይገባም ተብሏል› በያቸው፣ በቃ። እሳቸውም አይከፋቸውም፣ አንቺም ትሄጃለሽ።»

«ውሸት ነዋ።»

«ማን ይጎዳል? እስቲ አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

ልጅቷ አሰበች። የምትጠራው ሰው አጣች።

ቤት ስትደርስ አባቷ አንድ ሰፊ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ትንንሽ ሚስማሮች በከንፈሩ ይዞ ጨርቅ እየወጠረ ነበር። በሩ ላይ እንደቆመች ቀጮ ያለቻትን ነገረችው፤ ቁጭ ብትል የማትጨርሰው መስሏት። አባቷ ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው።

«ማንም ወላጅ?»

«ማንም።»

«አሰልጣኟ ናት ያለችው?»

«ደንብ ነው አለች።»

አባቷ ለጥቂት ጊዜ ጨርቁን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ጥሩ» አለ በመጨረሻ። «በቃ፣ ገንዘቡ ደረሰልን ማለት ነው።» ሚስማሮቹን ወደ አፉ መለሰና ሥራውን ቀጠለ።

ነገሩ በዚሁ አለቀ። እናቷ ደስ አላት። አባቷ ለባለሆቴሉ ትንሽ ይታገሰኝ ብሎ ላከበት። ካርቶኑ ላይ ሒሳቡ ገጠመ። ልጅቷም ቀለል ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን የዋጠችው ነገር ሳይወርድ ደረቷ ላይ የቀረ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያው ውድድር ደረሰና አባትና ልጅ አብረው ተሳፈሩ። አባቷ ከወትሮው የተለየ ነገር ማድረግ የጀመረው ያኔ ነው። እያንዳንዱን ነገር ያስረዳት ገባ።

«ከኋላ ወንበር አትቀመጪ፣ ሆድሽ ይገላበጣል። የመመለሻሽን ገንዘብ ከሌላው ጋር አትቀላቅዪ፤ ለብቻው ያዢው። ማደሪያ ስትገቢ መጀመሪያ አልጋውን ሳይሆን የበሩን ቁልፍ እዪ።»

«አሰልጣኟ አለች እኮ፣ አባዬ።»

«አለች። አሰልጣኟ ግን ስንቱን ልጅ ታያለች? የራስሽን ራስሽ ብታውቂው ይሻላል።»

ማደሪያቸው ሲደርሱ ፋሻ አወጣ። ቁርጭምጭሚቷን ከውድድር በፊት ሁልጊዜ የሚያስረው እሱ ነበር። አሁን ግን ፋሻውን ሰጣትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አሰረችው፤ ላላ። ፈታችው። ደግማ አሰረችው፤ አሁን ደግሞ ጣቶቿ ደነዘዙ።

«ከታች ነው የሚጀመረው» አለ በትዕግሥት። «ተረከዙን ያዢው፣ ከዚያ ወደ ላይ። እንደገና።»

ቢያኮርፍ ይሻላት ነበር። አንድ ቃል ቅሬታ ቢያወጣ፣ ደንቡን ቢረግም፣ የሆነ ነገር ቢል። እሱ ግን አንድ ሥራ ለተረካቢ እንደሚያስረክብ ሰው በጸጥታ ያስተምራታል።

ውድድሩ ክፉ አልነበረም። ፍራሹ ላይ ጥሩ ሠራች፤ ቢሙ ላይ አንድ ጊዜ ተንገዳገደች፣ ግን አልወደቀችም። ደህና ነጥብም አገኘች። አባቷ በሁለት እጁ ፊቷን ይዞ ግንባሯን ሳማት።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ልጅቷ በመስኮት በኩል ተቀመጠች፣ አባቷ መሃል፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ አንዲት አሮጊት። አሮጊቷ ወሬ ወዳድ ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ከየት እንደሚመጡ፣ ልጅቷ ምን እንደሠራች፣ ቀጥሎ የት እንደምትሄድ ሁሉንም አወቁ።

«ያን ያህል አገርም ይዘሃት ትሄዳለህ?» አሉት።

«የለም እማማ፤ እዚያኛው ላይ ወላጅ አያስገቡም። ደንብ ነው።»

«ወላጅ ከልክለው? ምን ዓይነት ደንብ ነው?»

«ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም» አለ አባቷ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ልጅቷ ግን ትሰማለች። «ሳስበው ነበር። ወላጅ ሲያዩት ልጆቹ ይረበሻሉ። ይሄው ዛሬም ተንገዳገደችብኝ። እኔው ራሴ ሳስፈራት ኖሬ ይሆናል እላለሁ።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከውጭ ሜዳና አጥር ያልፋል፤ አንዱንም አላየችውም። እሷ ለፈጠረችው ደንብ አባቷ ምክንያት ሲፈልግለት ከርሞ፣ በመጨረሻ ራሱ ላይ ነው ያገኘው።

አሮጊቷ የሆነ ከተማ ላይ መርቀዋቸው ወረዱ። አውቶቡሱ እንደገና ሲንቀሳቀስ ልጅቷ «አባዬ» አለች።

«ወዬ።»

«ደንብ የሚባል ነገር የለም። እኔ ነኝ ያልኩት። አሰልጣኟ የፈለገ ወላጅ መምጣት ይችላል ነው ያለችው።»

ከአባቷ ፊት ያለው ወንበር ልብሱ ጥግ ላይ ተቀዶ ነበር፤ እሱን ነካ ነካ አደረገው።

«ለምን?» አለ።

«ገንዘቡ አይበቃም። አንተ ደግሞ በዚያ ወገብህ ማታ ማታ እሠራለሁ አልክ። ‹ቅር› ልልህ ፈለግኩ፤ አቃተኝ።»

«ሳስፈራሽ ኖሬ ነው?»

«አይደለም። በእውነት አይደለም። ከመውጣቴ በፊት አንተን አያለሁ፣ ከዚያ ነው የምወጣው። አንተ ዓይንህን ስትሸፍን እንኳ ያስቀኛል እንጂ አያስፈራኝም።»

«ማን ነገረሽ ዓይኔን እንደምሸፍን?»

«አገር ያውቃል፣ አባዬ።»

ፈገግ ሊል ዳዳውና ተወው። «ብቀር አይከፋኝም ማለት አልችልም» አለ። «ይከፋኛል። ከዚያ የባሰብኝ ግን ውሸቱ ነው። ለሰው ሁሉ ስናገረው ነው የሰነበትኩት።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

አባቷ ኮቱን አውልቆ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገላትና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የከተማቸው መግቢያ ላይ ያሉት መጋዘኖች መታየት ሲጀምሩ ወደ እሷ ዞረ።

«የባለሆቴሉ ወንበሮች አሁንም አሉ። ልሠራቸው እችላለሁ፤ ለወገቤ የመጀመሪያው አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡን እርሺውና ንገሪኝ። ሦስተኛው ላይ ልምጣ ወይስ ልቅር? እኔን ለማስደሰት ብለሽ እንዳትመልሺ።»

የሚቀለው «ና» ማለት ነበር። ካሳ ይሆናታል፤ ደረቷም ይቀላታል። ያንን ቃል አፏ ድረስ አመጣችው። ከዚያ ግን ማታ ማታ ሚስማር በአፉ ይዞ ወገቡን እየደገፈ ሲሠራ ታያት። ሌላም ነገር ነበር፤ ለራሷ እንኳ ደፍራ ያልነገረችው። ማንንም ሳታይ ቢሙ ላይ ብትወጣ ምን እንደምትሆን ማወቅ ትፈልጋለች። ልትወድቅ ትችላለች። ቢሆንም ማወቅ ትፈልጋለች።

«ሁለተኛው ላይ ና» አለች። «ሦስተኛውን ግን ያላንተ ልሂድ። ቅር፣ አባዬ።»

አባቷ ራሱን በዝግታ ነቀነቀ።

«እሺ» አለ። «የዋሸሽውን ግን ለእናትሽ የምትነግሪያት ራስሽ ነሽ።»

«ዛሬውኑ እነግራታለሁ።»

አውቶቡስ ተራው ውስጥ ወርደው ሻንጣቸውን ሲጠብቁ አባቷ የትኬት መስኮቶቹን በአገጩ አመለከታት። ለሩቅ መንገድ ቀደም ብሎ ትኬት ለቆረጠ ቅናሽ አለ፤ ከሌሎቹ መስኮቶች ይልቅ የሩቅ መንገዱ ላይ ሰልፉ አጭር ነበር። አባቷ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ሊሄድ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ተመልሶ ገንዘቡን እጇ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ሻንጣውን ልጠብቅ» አለ።

ልጅቷ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ የትኬት ሻጩ አንገቱን አስግጎ ቁልቁል አያት። የምትሄድበትን ከተማና ቀኑን ነገረችው።

«ለስንት ሰው?»

«ለአንድ።»

«የልጅ ነው የአዋቂ?»

«የአዋቂ» አለችና ገንዘቡን በመስኮቱ ቀዳዳ አሳለፈችለት።