ምጡ እስኪጀምር

«የኮሪደሩን ቀለም ለማደስ ከሆነ ነገ ነው ያልናችሁ፤ ዛሬ ምጥ ላይ ያሉ ሴቶች አሉብኝ!» አለችው አዋላጇ፣ በሩን በክንዷ ዘግታ።

ሰፈሩ ሁሉ ቡሩሽ የሚለው ቀለም ቀቢ ራሱን ቁልቁል አየ። ሱሪው ነጭ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። ግራ ጫማው ላይ ሰማያዊ ቀለም ፈሶበታል። ስልክ ሲደወልለት መሰላል ላይ ነበር፤ እንዴት እንደወረደ እንኳ አያስታውስም።

«ቀቢ ነኝ... ግን ለቀለም አይደለም የመጣሁት» አለ ምላሱ እየተሳሰረ። «ባል ነኝ።»

«የማን ባል?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። መልሱ ግን ቀላል አልነበረም። ከሚስቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደር ከተዉ ወራት አልፈዋል። እሱ በልቡ ባሏ ነው፤ እሷ አሁን ምን ብላ እንደምትጠራው ግን አንድዬ ይወቅ።

«የልብስ ሰፊዋ» አለ በመጨረሻ። «ቀኗ ያለፈባት።»

አዋላጇ ፊቷ በራ። «አሃ! የእማማ አማች ነሃ! ግባ፣ ግባ። እሳቸውን ትናንት መቻል አቅቶን ነበር። በወሊድ የሞተች ጎረቤት፣ ተሰፍታ ያልዳነች ዘመድ፣ አንድም ሳያስቀሩ ለሴቶቹ ሲተርኩላቸው ዋሉ። ምጥ የያዛት ሁሉ ምጧ እየጠፋ ተቸገርን! ዛሬ ጠዋት ‹እርስዎ ደጅ ይቀመጡ፤ ባል ካለ ይምጣ› አልኳቸው።»

«ልግባ?»

«ቆይ። እዚህ አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚገባው። አንዴ ከገባህ እሷ ሳትገላገል መውጣት የለም። ወጥተህ ልመለስ ብትል ይሄ በር ግድግዳ ሆኖ ይጠብቅሃል። ልብህ የማይችል ከሆነ ከአሁኑ ንገረኝ።»

«ይችላል» አለ። ውሸቱን ነበር።

አማቱ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ቴርሞሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

«እንዴት ማደሬን አሁን ትዝ አለህ? ስማኝ አንተ። ልጄ በሰላም ትገላገል እንጂ ከዚህ የምትመለሰው ወደ እኔው ቤት ነው። አንተ ጋ የቀረ ልብሷንም የስፌት መኪናዋንም ሰው ልኬ አስወስዳለሁ። ተስፋ እንዳታደርግ!»

አልፏቸው ገባ፤ በሩም ከኋላው ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የምትጮህ ማሽን፣ ከመዳፍ ስፋት በላይ የማይከፈት አንድ መስኮት። ሚስቱ በጎኗ ተጋድማለች። ሆዷ ላይ የፅንሱን የልብ ምት የሚለካ ቀበቶ ታስሯል፤ እጇ ላይ መርፌ ተሰክቶ ከተንጠለጠለው ግሉኮስ ጋር አያይዟታል። ወዴትም ብትዞር የሆነ ገመድ ይይዛታል።

አየችው። ፊቷ ለአንድ አፍታ ቦግ ብሎ መልሶ ጠፋ።

«መጣህ?»

«መጣሁ... ደህና ነሽ?»

«እንደምታየው ታስሬያለሁ።»

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። ከዚያ ራሱን አሸተተ፤ ቲነር፣ ቫርኒሽ፣ ላብ። እግሩ እዚያው ተተከለ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደና መስኮቱ ሥር ጀርባውን ለክፍተቱ ሰጥቶ ቆመ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እነዚህ ሁለቱ የተዋወቁት በቀለም ነው። እሷ የምትሰራበትን ስፌት ቤት ሲቀባ «እርጥብ ነው» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ረስቶ፣ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ተደገፈች። ጀርባዋ ሁሉ አረንጓዴ! ስትሰድበው እንዲህ ያለ ስድብ ከእንዲህ ያለ አፍ እንዴት ይወጣል ብሎ ፈዞ ቀረ። ይቅርታ ሊጠይቅ በማግስቱ ሄደ። በሦስተኛውም ቀን። ኋላ ላይ ይቅርታው አልቆ ፍቅሩ ብቻ ቀረ። ከሥራ ሲመለስ አንገቱ ሥር ገብታ «አዲስ ቤት፣ አዲስ ቤት ትሸታለህ» ትለው ነበር።

ከዚያ አረገዘች። አንድ ምሽት ሊስማት ሲጠጋ አፏን ይዛ ሮጠች። ከመታጠቢያው እንደተመለሰች እያለቀሰች «እባክህ ራቅልኝ! ሽታህ ሊገድለኝ ነው!» አለችው።

ያቺ ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ ቀረች። ማታ ማታ ገላውን ሲፈትግ ቆይቶ፣ እንደማይለቅ ሲያውቀው፣ «ሥራ በዝቷል» እያለ በሚቀባቸው ባዶ ቤቶች ውስጥ ማደር ጀመረ። እሷም ተከፍታ እናቷ ቤት ገባች። ለምን ቤት እንደማያድር አልነገራትም። ሚስቱ ሽታውን እንደምትጠላ የገዛ አፉ እንዲናገር አልፈለገም።

አሁንም መስኮቱ ሥር ቆሞ ትንፋሹን እንኳ ወደ ውጭ ነው የሚያስወጣው።

«ወንበሩ እኮ እዚህ ነው ያለው» አለች።

«እዚህ ይሻለኛል።»

«እንዳሻህ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አዋላጇ ጓንቷን እያጠለቀች ገባች። አንዱን አየች፤ ሌላዋን አየች። «ምን ሆናችኋል? ጎረቤታሞች ናችሁ እንዴ?» ጓንቷን እስከ አንጓዋ ሳበች። «ይሁን። ስሙኝ። ልጁ ያለበት የሽርት ውሃ እየቀነሰ ስለሆነ ነው ምጡን እኛ የምናስጀምረው። ትናንት ያስቀመጥንላት ክኒን የማህፀን በር እንዲለሰልስ ነበር፤ ለስልሷል። አሁን የሽርት ውሃውን አፈሳለሁ። ከዚያ ምጥ የሚያመጣውን መድኃኒት በዚህ ግሉኮስ በጠብታ እንሰጣታለን፤ ቀስ በቀስ እየጨመርን።»

«ከዚያ ወዲያው ትወልዳለች?» አለ ቡሩሽ።

ሳቀች። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚመስለው! የአንዳንዷ ይፈጥናል፤ የአንዳንዷ ቀን ከሌሊት ይፈጃል። እዚህ ክፍል ውስጥ ትልቁ ሥራ መጠበቅ ነው። አንተ አጫውታት።»

አጫውታት! ከምን ይጀምር?

ውሃው ፈሰሰ። አዋላጇ ቀለሙን አይታ «ንጹህ ነው፣ ጎሽ!» አለችና ጠብታውን ከፍታ ወጣች። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ማሽኑ ብቻ እንደሚሮጥ ፈረስ ድግ ድግ ድግ ይላል። ቡሩሽ ሥራው ነውና ጣራውን አየ፤ ጥግ ላይ እርጥበት ገብቶ ቀለሙ ተላልጧል። ያቺን የተላለጠች ቦታ ስንት ጊዜ በዓይኑ እንደቀባት!

ከዚያ ምጡ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት መጣ። ሚስቱ የአልጋውን ብረት ጨመቀች። ልትነሳ ብትል ቀበቶው ያዛት፤ ልትገላበጥ ብትል የግሉኮሱ ገመድ ጎተታት።

«ወገቤን! ሲስተር፣ ወገቤን!»

አዋላጇ አንገቷን ብቅ አደረገች። «እኔ ሌላዋ ጋ ነኝ። ባልየው፣ ምን ትገተራለህ? ታችኛው ወገቧ ላይ በመዳፍህ ጫን አድርገህ እሸው!»

ቡሩሽ ተነቃነቀ፤ መልሶ ቆመ። እጁን አየ። *ብጠጋት ያስመልሳታል። በዚህ ላይ ማስመለስ ተጨምሮ...*

«ተዪው ሲስተር» አለች ሚስቱ ጥርሷን ነክሳ። «እሱ እኔን መንካት ከተወ ቆይቷል።»

ክው አለ። ውጣ ውጣ አለው። ግን በሩ የዚያች አዋላጅ በር ነው፤ መስኮቱ እጁን እንኳ አያሳልፍም። ከዚህች ክፍል ውስጥ ሊሸሽ የሚችለው እዚሁ ጥግ ድረስ ነበር፤ እሱም አልቆበታል።

ጠብታው ተጨመረ። ምጡም ተደራረበ። ማስታገሻ መርፌ ተወጋች፤ ትንሽ አንቀላፋች፤ እንደገና እየጮኸች ነቃች። ፀሐይዋ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ዞረች። ያን ጊዜ ነው የማሽኑ ድምፅ የተለወጠው።

ድግ ድግ ድግ ሲል የነበረው ድግ... ድግ... አለ።

ቡሩሽ መጀመሪያ ማሽኑ የተበላሸ መሰለው። አዋላጇ ግን በሩጫ ገብታ ግሉኮሱን ቆለፈችው። «በግራ ጎንሽ! በግራ ጎንሽ ዙሪ እናቴ!» ሐኪም ተጠራ። ክፍሏ በነጭ ልብስ ሞላች። ፊቷ ላይ ኦክስጅን አደረጉላት። «ካልተስተካከለ ኦፕራሲዮን ክፍሉን አዘጋጁ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቡሩሽ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ማንም አያየውም። በሰዎቹ ትከሻ መካከል የሚታየው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ የሷ እጅ፤ አየሩን እየዳበሰ የሚይዘው ያጣ እጅ።

ያን ጊዜ ሽታው ትዝም አላለው። በሐኪሙ ክንድ ሥር ሾልኮ ያዛት።

«አለሁ! ክሬ፣ አለሁ!» አለ። ‹ክሬ› የሚላት ስፌት ቤት ከተዋወቁበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ካፉ ከጠፋች ሰነባብታለች።

እጁን ቆረጥም እስኪል ጨመቀችው። ሁሉም ማሽኑን ያዳምጣል።

ድግ... ድግ... ድግ ድግ። ድግ ድግ ድግ ድግ!

«ተመለሰ» አለ ሐኪሙ ትንፋሹን አውጥቶ። «መድኃኒቱ ምጡን አደራርቦበት ነው። ትንሽ እናሳርፈውና በዝቅተኛ መጠን እንደገና እንጀምራለን። አይዟችሁ።» ነጭ ልብሶቹ አንድ በአንድ ወጡ። አዋላጇ ማሽኑን እየተከታተለች ጥግ ላይ ቀረች።

ሚስቱ የኦክስጅኑን ጭምብል ገፋ አደረገችው። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ንገረኝ። ለምን ጠላኸኝ?»

«እኔ?!»

«ሆዴ ስለገፋ ነው? አስቀያሚ ሆኜብህ ነው? አሁን እንኳ መስኮት ላይ ተለጥፈህ ዋልክ!»

«ኧረ በፈጣሪ! የጠላሽኝ አንቺ አይደለሽ?» ድምፁ ተሰበረ። «‹ሽታህ ሊገድለኝ ነው› አላልሽኝም? እንዳያስመልስሽ ብዬ እኮ ነው ከአንቺ የምርቀው! ዛሬም ከሥራ ነው የመጣሁት፤ አልታጠብኩም...»

ሚስቱ አፏን ከፍታ አየችው።

«የምን ሽታ?»

«የ... የኔ። የቀለሙ።»

«አንተ ሰውዬ! ያኔ እኮ ሳሙናም ይሸተኝ ነበር! እናቴ ትሸተኝ ነበር! የገዛ ፀጉሬ ይሸተኝ ነበር! ወዲያው እኮ ነው የለቀቀኝ!»

አዋላጇ ጥግ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የት አግኝቼህ? መጥተህ ታውቃለህ?»

«ስንቴ መጣሁ! እማማ በር ላይ ‹ተኝታለች› ይሉኛል።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲገባት ታየው።

«እኔ እኮ ተኝቼ አላውቅም» አለች በሹክሹክታ። «በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ነው እያልኩ... እማዬን ‹ማነው?› ስላት ‹የተሳሳተ ሰው ነው› ትለኝ ነበር።» ከዚያ የያዘችውን እጅ ገልብጣ አየች። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ቀልቷል። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ምንም አይደል። በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ በሎሚ፣ ቀጥሎ በበረኪና... ሽታው ይለቅ እንደሆነ ብዬ...»

አልጨረሰም። አንገቱን ስባ አፍንጫዋን ጉሮሮው ሥር ቀበረች። አለቀሰች፤ ሳቀች፤ መሀል ላይ ምጡ መጣና «ወገቤን! አሁን ወገቤን!» ብላ ጮኸች።

አሸላት። ከዚያ በኋላ እጁ ከወገቧ ላይ አልተነሳም። ጠብታው እንደገና ተከፈተ፤ ምጡ እንደገና ገፋ። ሰደበችው፤ ቀሚሷን አረንጓዴ ካደረገባት ቀን የባሰ ሰደበችው! እሱም በያንዳንዱ ስድብ «እሺ ክሬ፣ እሺ» ይላል። «ገና ነው፣ አትግፊ» ስትል የቆየችው አዋላጅ ድንገት «አሁን! አሁን ግፊ እናቴ!» አለች። እስካሁን አንዲትም ነገር ወዴትም ያልሄደባት ክፍል በአንድ ጊዜ ሩጫ ብቻ ሆነች።

ከዚያ ቀጭን፣ የተናደደ ለቅሶ ተሰማ።

«ሴት ናት!» አለች አዋላጇ። «ድምፅዋስ! የማን እንደሆነ አይጠፋም።»

ሕፃኗን እናቷ ደረት ላይ አስቀመጡዋት። ቡሩሽ ቀኑን ሙሉ ባዶዋን የዋለችው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

በማግስቱ ከሆስፒታሉ ሲወጡ የአማቱ ዕቃ ቀድሞ ታክሲው ውስጥ ገብቶ ነበር።

«በል ንዳ፤ ወደ እኔ ቤት ነው» አሉ ለሹፌሩ።

«እማዬ» አለች ልጃቸው፣ ሕፃኗን እንደታቀፈች። «እኔ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው። ከባሌ ጋር።»

አማቱ አላለቀሱም፤ አልተቆጡም። ዕቃቸውን ከታክሲው አወጡና ቁልቁል እያዩ ቆሙ። «ተኝታ አልነበረችም» አሉ ድንገት፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። «አውቄ ነው የመለስኩት። እሷ ተመልሳ መጥታ ቤቱ እንደ ድሮው ሞቅ ሲልልኝ... ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ብቻዬን ነኝ።»

ቡሩሽ ሆዱ ውስጥ ቁጣ ነበረው፤ ለሳቸው ሲያጠራቅመው ያደረ። አያቸው፤ ከትናንት ጀምሮ በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ቀሚሳቸው ተጨማድዷል። ቁጣው እንዳለ ሆኖ ዕቃውን ከእጃቸው ተቀበላቸው። መልሶ ታክሲው ውስጥ ከተተና የፊቱን በር ከፈተ።

«ይግቡ እማማ።»

«የት?»

«አራስ ማን ያርስልኛል? እኔ እንደሆነ ከቀለም በቀር የማውቀው የለኝም። ቤታችን ጠባብ ነው፤ እንደምንም እንጠጋጋለን።»

አማቱ ቴርሞሳቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡ፤ ታክሲው ገና ሳይንቀሳቀስ ሹፌሩን «ቀስ በል አንተ፣ አራስ ይዘሃል!» አሉት።

ከኋላ ሚስቱ በሳቅ ትከሻው ላይ ወደቀች። እሱም ሳቀ።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?» አሉ አማቱ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሷል። «ልጅህን ከነፋሱ ከልላት!»

ከለላት።